20 ደቂቃ ካለዎት ምን ይምረጡ? ትንንሽ ልጆች ቤት ውስጥ ማሰብ እንዲለምዱ የሚያግዙ ጨዋታዎች ንጽጽር

ከ3 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች ከሚሸጡ መጫወቻዎች መካከል «አእምሮ ያዳብራል» ያልተባለለት ማግኘት ይከብዳል። ብሎኩም፣ ፐዝሉም፣ ታብሌት ላይ የሚጫነው አፕም፣ ፊደል የታተመበት ካርድም ማሸጊያቸው ላይ ያንኑ ይላሉ። የወላጅ ጊዜ ግን ውስን ነው፤ ከሥራ መልስ የምትገኝ 20 ደቂቃ ናት። ያቺን 20 ደቂቃ ለየትኛው እንስጣት ለሚለው ጥያቄ ማሸጊያው መልስ የለውም።

እኛ የምንመክረው መለኪያ አንድ ጥያቄ ነው፦ በዚህ ጨዋታ ውስጥ የሚወስነው ማን ነው? ልጁ ቀጥሎ የሚሆነውን ራሱ ገምቶ፣ ሞክሮ፣ ሲበላሽበት አይቶ ሌላ መንገድ የሚፈልግ ከሆነ እያሰበ ነው። ወላጁ፣ የመመሪያ ወረቀቱ ወይም ስክሪኑ የሚወስንለት ከሆነ ግን ደስ ቢለውም እየተከተለ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ መጀመሪያ በዚህ ሚዛን የተመዘነ ነው፤ ዕድሜ፣ ወጪና የወላጅ ጊዜ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የሚከብደው ምንድን ነው?

ትንሽ ልጅ በዋናነት የሚፈተነው በ3 ነገሮች ነው። አንደኛው የሰማውን አእምሮው ውስጥ ይዞ መቆየት ነው፤ «ቀዩን ኩባያ አምጣና ወንበሩ ላይ አስቀምጥ» ሲባል ግማሹ መንገድ ላይ ይጠፋበታል። ሁለተኛው መጀመሪያ የመጣለትን ከማድረግ ራሱን መግታት ነው። ሦስተኛው ደንብ ሲቀየር አብሮ መቀየር ነው።

የሦስተኛውን ክብደት ቤትዎ ውስጥ ማየት ይችላሉ። ቀይና ሰማያዊ ጥንቸሎች፣ ቀይና ሰማያዊ ጀልባዎች የተሳሉባቸውን ካርዶች ለ3 ዓመት ልጅ ሰጥተው በቀለም እንዲለያቸው ይንገሩት፤ ይለያቸዋል። ከዚያ «አሁን ደግሞ በስዕሉ እንለይ፤ ጥንቸሎቹን እዚህ፣ ጀልባዎቹን እዚያ» ይበሉት። አብዛኞቹ የ3 ዓመት ልጆች በቀለም መለየታቸውን ይቀጥላሉ። አዲሱ ደንብ ምን እንደሆነ ቢጠየቁ በትክክል ይናገሩታል፤ እጃቸው ግን አሮጌውን ይሠራል። 5 ዓመት ሲሞላቸው አብዛኞቹ ይቀይራሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፊሊፕ ዘላዞ የሚታወቅበት ሙከራ ይህ ነው፤ ለወላጅም ትልቅ ነገር ይነግራል። ተነግሮት ያልሠራ ልጅ ሁልጊዜ እልኸኛ አይደለም። ሰምቷል፤ ያልጠነከረው የሰማውን ከለመደው አስበልጦ የመሥራት አቅሙ ነው። ያ አቅም በቁጣ አይመጣም፤ በልምምድ ግን ያድጋል።

ሌላም አለ። ሁለት እኩል ብርጭቆዎች ላይ እኩል ውሃ አድርገው አንዱን ወደ ረዥምና ቀጭን ብርጭቆ ቢገለብጡት የ4 ወይም የ5 ዓመት ልጅ «ረዥሙ ይበዛል» ይላል። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ በዚህ ዓይነት ጥያቄ እንዳሳየው ልጆች መጠኑ እንዳልተለወጠ የሚረዱት በአብዛኛው ከ6 ወይም ከ7 ዓመት በኋላ ነው። «እኩል ነው» ብለው ቢያስረዱት ከአፍዎ ተቀብሎ ይደግመዋል፤ ነገ ሲጠየቅ ግን ወደ ቀድሞው ሊመለስ ይችላል። ውሃውን ራሱ ወዲያና ወዲህ ደጋግሞ ሲገለብጥ የሚያገኘው ግን በቀላሉ አይጠፋበትም።

ብሎክ፦ አንድ ነገር ብቻ የሚገዙ ከሆነ

ቀላል የእንጨት ብሎክ ይግዙ፤ የማይናገር፣ የማይበራ፣ ባትሪ የማይፈልግ። ሲመርጡ ከቀለሙ ይልቅ ልኩን ይዩ። ጥሩ ብሎኮች የ1፣ የ2 እና የ4 ምጥጥን አላቸው፤ ውፍረቱ 3.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ወርዱ 7፣ ርዝመቱ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህን ልክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያወጡት አሜሪካዊቷ መምህርት ካሮላይን ፕራት ናቸው፤ ዛሬም ይሠራበታል። ጥቅሙ ረዥሙ ብሎክ ሲያልቅ ይታያል። ልጁ ሁለት አጫጭሮችን ገጥሞ ያንኑ ርዝመት ሲያገኝ «ግማሽ» የሚባለውን ነገር ቃሉን ሳያውቅ በእጁ ያውቀዋል። ልካቸው የዘፈቀደ የሆነ ብሎኮች ይህን አይሰጡም፤ ግንቡም ሁልጊዜ ስለሚያዘነብል ልጁ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

ብዛቱም ወሳኝ ነው። ከ20 በታች በሆነ ብሎክ አንድ ላይ አንድ ከመደርደር ብዙም ማለፍ አይቻልም። ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጅ ከ40 እስከ 60፣ ከ5 ዓመት በኋላ ከ80 እስከ 100 ይበቃል። እንጨት የሚቆርጥ ሰው ካለ ማሠራት ይቻላል፤ ልኩን በሚገባ ይስጡት፤ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፤ ቀለም ባይቀባ ይመረጣል።

ልጆች በብሎክ የሚሄዱበት መንገድ ተመሳሳይነት አለው። መጀመሪያ ይሸከማሉ፤ ከዚያ ይደረድራሉ፤ 3 ዓመት አካባቢ ድልድይ ይጀምራሉ። ቀጥሎ ዙሪያውን የተዘጋ አጥር ይመጣል፤ ከዚያ ግራና ቀኙ የሚመሳሰል ግንባታ፤ በመጨረሻ «ይሄ ሆስፒታል ነው፣ በሩ እዚህ ነው» እያሉ አስቀድመው አቅደው ይሠራሉ። ልጅዎ የቱ ላይ እንዳለ ካወቁ የሚቀጥለውን አንድ እርምጃ ብቻ ያስባሉ። ገና የሚደረድር ልጅን ቤተ መንግሥት እንዲሠራ መጠየቅ ሁለታችሁንም ያደክማል።

የድልድዩን ጊዜ ቀርበው ይመልከቱት። ልጅቷ ሁለት ብሎኮች አቁማለች፤ ሦስተኛውን ከላይ ልታጋድም ስትል አይደርስም፣ መሃል ላይ ይወድቃል። ደግማ ታስቀምጣለች፤ ይወድቃል። በኃይል ትጫነዋለች፤ አሁን ሁሉም ይወድቃል። በዚህች ቅጽበት የአዋቂ እጅ ገብቶ ምሰሶዎቹን ቢያቀራርብ ድልድዩ ይቆማል፤ መላውን ያገኘው ግን አዋቂው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ዝም ብለው በልብዎ እስከ 10 ይቁጠሩ። ካልተሳካላት ያዩትን ብቻ ይናገሩ፦ «በዚህ በኩል ደረሰ፤ በዚያ በኩል አልደረሰም።» አሁንም ካልሆነ ይጠይቁ፦ «የትኛውን ብናንቀሳቅሰው የሚደርስ ይመስልሻል?» ይህም ካልረዳ ብቻ አንዱን ምሰሶ አቅርበው ያሳዩዋት፤ ከዚያ መልሰው ያርቁትና ራሷ ትሥራው። በ1976 ዴቪድ ዉድ፣ ጀሮም ብሩነርና ጌይል ሮስ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች የእንጨት ቁራጮች ሲገጣጥሙ አጥንተው የጻፉት ስለዚህ ዓይነት እርዳታ ነው። ከግንበኛ ርብራብ ጋር አመሳስለውታል፦ ግንቡ በራሱ እስኪቆም ይተከላል፣ ግንቡ ሲቆም ይነሳል። ብዙ ወላጆች የሚሳሳቱት ርብራቡን ማቆም ላይ ሳይሆን ማንሳት ላይ ነው።

አብረው ሲቀመጡ የቦታና የአቅጣጫ ቃላትን አያስቀሩ፦ ከላዩ፣ ከሥሩ፣ ከጎኑ፣ ከኋላው፣ ያዘመመ፣ የጎበጠ፣ በአግድም፣ በቁም። «እሱን እዚያ አድርገው» ከማለት «ሰፊውን ከሥር አድርገው» ማለት ለልጁ ማሰቢያ ቃል ይሰጠዋል።

ከመመሪያ ስዕል ጋር የሚሸጡት የፕላስቲክ መገጣጠሚያዎችስ? ለ5 ዓመትና ከዚያ በላይ ስዕል አንብቦ ደረጃ በደረጃ መሥራትን ያስለምዳሉ፤ ይህ ራሱ ችሎታ ነው። ችግሩ አንዴ ከተገጠሙ በኋላ መደርደሪያ ላይ መቅረታቸው ነው። ከ2 ቀን በኋላ ያፍርሱትና ቁራጮቹን ከሌሎቹ ጋር ይቀላቅሉ፤ ዋናው ጥቅም ያኔ ይጀምራል። ከ3 ዓመት በታች ልጅ ባለበት ቤት ግን በመጸዳጃ ወረቀት ካርቶን ቱቦ ውስጥ ማለፍ የሚችል ቁራጭ ሁሉ ሊያንቀው ስለሚችል ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ትንንሽ ጠንካራ ማግኔቶችና የሳንቲም ቅርጽ ያላቸው ባትሪዎች ከተዋጡ ለሕይወት አስጊ ናቸው፤ እነዚህን የያዘ መጫወቻ ለዚህ ዕድሜ አይምረጡ።

ፐዝል

ፐዝል፣ ማለትም የተቆራረጠ ስዕል መገጣጠም፣ ከብሎክ የሚለየው መልሱ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ልጁ የሚወስነው ከየት እንደሚጀምርና የትኛውን እንደሚሞክር ነው፤ የሚሠራው ነገር አስቀድሞ ተወስኗል። በዚህ ምክንያት ከብሎክ በታች እናስቀምጠዋለን። ጠንካራ ጎኑ ደግሞ ብሎክ የማይሰጠው ነው፦ ቁራጩን በእጅ ከማዞር በፊት በሐሳብ ማዞር። ሱዛን ሌቪንና ባልደረቦቿ ልጆችን በቤታቸው ተከታትለው በ2012 ባሳተሙት ጥናት ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ፐዝል የተጫወቱት 4 ዓመት ተኩል ሲሆናቸው ቅርጽን በሐሳብ በማንቀሳቀስ ካልተጫወቱት የተሻሉ ነበሩ። ብቻውን ምክንያቱ ፐዝሉ ነው ማለት ግን አይደለም፤ እንዲህ ያለው ክትትል አብረው የሚሄዱ ነገሮችን ያሳያል እንጂ አንዱ ሌላውን እንዳመጣ አያረጋግጥም።

ለመነሻ ያህል ለ3 ዓመት ከ6 እስከ 12 ቁራጭ፣ ለ4 ዓመት ከ12 እስከ 24፣ ለ5 ዓመት ከ24 እስከ 48 ይሞክሩ። ከዕድሜው በላይ የሚያስተማምነው ልጁን ማየት ነው፦ በ10 ወይም በ15 ደቂቃ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ እርዳታ ጠይቆ የሚጨርሰው ልኩ ነው። ቁራጩን በቡጢ እየመታ የሚያስገባ ልጅ ቅርጹን ብቻ እያየ ነው፤ «እዚህ ቁራጭ ላይ ምን ይታይሃል? ሰማይ ነው ወይስ ሣር?» ቢሉት ወደ ስዕሉ ይመለሳል። «ከጠርዙ እንጀምር» የሚለው ስልት የሚገባቸው ወደ 5 ዓመት ሲጠጉ ነው።

አምስት ስድስት ጊዜ ከተሠራ በኋላ ፐዝል ማሰቢያነቱ ያልቅና ትውስታ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ብዙ ከመግዛት ልጆች ካሏቸው ቤተሰቦች ጋር መለዋወጥ ይሻላል።

የቁጥር መንገድ፦ በካርቶን የሚሠራው ምርጥ ጨዋታ

ቁጥር ለማስተማር ከታሰበ ከፍላሽ ካርድም ከአፕም ይህንን እንመርጣለን፤ ወጪው ካርቶንና እስክሪብቶ ነው። 50 ሴንቲ ሜትር የሚረዝምና 5 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ካርቶን ይቁረጡ። በየ5 ሴንቲ ሜትሩ መስመር ያስምሩ፤ 10 እኩል ቤቶች ይወጡታል። ከግራ ወደ ቀኝ ከ1 እስከ 10 ይጻፉ። ለየተጫዋቹ አንድ ቁልፍ ወይም ጠጠር፣ ለዕጣ አንድ ሳንቲም ያዘጋጁ፤ የሳንቲሙ አንዱ ገጽ 1፣ ሌላው 2 ይሁን። 6 ቁጥር ያለው ዳይስ ለጀማሪ አይሆንም፤ ጨዋታውን በ3 ዙር ይጨርሰዋል፣ የሚቆጠረውም ብዙ ነው።

ሙሉ ጥቅሙ ያለው አንድ ትንሽ ነገር ላይ ነው። ልጁ 4 ላይ ቆሞ 2 ቢወጣለት «1፣ 2» ብሎ ሳይሆን «5፣ 6» ብሎ መራመድ አለበት። «1፣ 2» ሲል ጣቱን እየቆጠረ ነው፤ «5፣ 6» ሲል ግን ቁጥሩን ከቦታው ጋር እያያያዘ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁሉም ልጅ «1፣ 2» ይላል። ሲሳሳት ከማረም ይልቅ በራስዎ ተራ ጣትዎን በቤቱ ላይ ያለው ቁጥር ላይ እያሳረፉ ጮክ ብለው ይጥሩት፤ ከዚያ ተራው ሲደርስ «የቆምክበት ስንት ነው? ቀጥሎስ?» ይበሉት።

ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ በ2008 ባሳተሙት ሥራ ልጆች በ2 ሳምንት ውስጥ 4 ጊዜ፣ በየጊዜው 15 ደቂቃ ያህል እንዲህ ዓይነት ጨዋታ ተጫውተው በቁጥር ዕውቀታቸው መሻሻል አሳይተዋል። በቁጥር ፋንታ ቀለም ብቻ ባለው ሰሌዳ የተጫወቱት ያን ያህል አላገኙም። ቀጥሎ በሠሩት ጥናት ደግሞ ቀጥ ያለው መንገድ ክብ ከሆነው በልጧል፤ በቀጥታ መስመር ላይ የሚበልጠው ቁጥር ሁልጊዜ ራቅ ብሎ ይገኛልና። ስለዚህ የሚጠማዘዝና የሚዞር፣ እባብና መሰላል ያለበት ሰሌዳ ለጨዋታ ደስ ቢልም ለመጀመሪያው ትምህርት ቀጥ ያለውን ያስቀድሙ። ልጁ ሲለምደው መንገዱን እስከ 20 ያስረዝሙ።

ካርዶች፦ ማስታወስና ደንብ መቀየር

ጥንድ ፍለጋ የሚባለው፣ ካርዶቹን ገልብጦ ሁለት ተመሳሳይ ማግኘት፣ የሰሙትንና ያዩትን ይዞ መቆየትን ያለማምዳል። ለ3 ዓመት 3 ጥንድ፣ ለ4 ዓመት 6 ጥንድ፣ ለ6 ዓመት 10 ጥንድ ይበቃል። ካርዶቹን በትክክለኛ ረድፍ ይደርድሩ፤ ከተበታተኑ ልጁ ቦታን ማስታወሻ ያጣል። የሚያበላሸው ነገር አዋቂው ሆን ብሎ መሸነፉ ነው። ልጆች ይህን ቶሎ ያውቁታል። በዚህ ጨዋታ ግን እርስዎ ሳያስመስሉም የ5 ዓመት ልጅ ሊያሸንፍዎ ይችላል።

ከላይ የጠቀስነውን የመለየት ሥራ ወደ ጨዋታ ለመቀየር 12 ካርዶች ይሥሩ፦ 3 ቀይ ክብ፣ 3 ቀይ ሦስት ማዕዘን፣ 3 ሰማያዊ ክብ፣ 3 ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን። ሁለት ሳህን ያስቀምጡ። 6 ካርድ በቀለም፣ ከዚያ 6 ካርድ በቅርጽ። ልጁ በአሮጌው ደንብ ከቀጠለ «ተሳሳትክ» አይበሉት፤ ካርዱን ያስይዙትና «ይሄ ምንድን ነው? ክብ ነው ወይስ ሦስት ማዕዘን?» ይበሉት። ቅርጹን በአፉ ሲጠራው እጁ ይከተላል። ለ5 ዓመት በየ3 ካርዱ ደንብ ይቀይሩ። በቀን 5 ደቂቃ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ይሰለቻል።

እየጠየቁ ማንበብ፦ ከሁሉም በላይ

ለየትኛውም ዕድሜ፣ ለየትኛውም ቤት አንድ ብቻ ምረጡ ብንባል ይህን እንመርጣለን። መጽሐፉ ግን ብቻውን አይደለም ሥራውን የሚሠራው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦለት ዝም ብሎ የሚሰማ ልጅ ቃላት ይሰማል፤ ታሪኩን መናገር የጀመረ ልጅ ግን ምክንያትና ውጤት ማያያዝ ይጀምራል። ግሮቨር ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ በ1988 ባሳተሙት ጥናት የ2 ዓመት አካባቢ ልጆች ወላጆች ለ1 ወር ያህል በዚህ መንገድ እንዲያነቡ ሠልጥነው ነበር፤ ልጆቻቸው እንደ ወትሮው ከተነበበላቸው ልጆች ይልቅ ሐሳባቸውን በመግለጽ ቀድመው ተገኝተዋል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ስዕሉ ላይ ውሻ ከጠረጴዛ ሥር ተደብቋል፤ ውጭ ዝናብ ነው።

«እዚህ ምን ይታይሻል?»

«ውሻ።»

«አዎ፣ የረጠበ ውሻ። ለምን ከጠረጴዛው ሥር የገባ ይመስልሻል?»

(ዝምታ።)

«ፈራ።»

«ፈርቶ ይሆናል። ምኑን አይተሽ ፈራ አልሽ?»

«ጆሮው… እንዲህ ሆኗል።»

«እውነትሽን ነው፤ ጆሮው ወደ ኋላ ተኝቷል።»

በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ የተደረጉትን ይመልከቱ። የልጅቷ አንድ ቃል «የረጠበ» በሚል ቃል ሰፋ። ግምቷ ትክክል ወይም ስህተት አልተባለም። ማስረጃ ተጠየቀች፤ ከስዕሉ ላይ አገኘችው። «ምኑን አይተሽ?» የሚለው ጥያቄ በዚህ መመሪያ ካለው ሁሉ በጣም ርካሹና በጣም ጠቃሚው ነው፤ ከመጽሐፍ ውጭም በየቀኑ ይሠራል።

ቅንፍ ውስጥ ያለችው ዝምታም የራሷ ሥራ አላት። ሜሪ በድ ሮው የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው በአማካይ ለ1 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ፣ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ ግን የልጆቹ መልስ እንደሚረዝምና ምክንያት እንደሚጨምር አሳይተዋል። ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። ለትንሽ ልጅ 5 ሰከንድ ይስጡ፤ ለጠያቂው ረዥም ነው፣ ለሚያስበው ግን አጭር ነው።

የሚበላሸው ንባቡ ፈተና ሲሆን ነው። በየገጹ አምስት ጥያቄ ከተጠየቀ ልጁ መጽሐፉን ይሸሻል። በአንድ ንባብ 4 ወይም 5 ጥያቄ ይበቃል፤ ከእነዚህ ውስጥ «ይሄ ምን ቀለም ነው?» የሚሉት ከአንድ አይብለጡ። ያንኑ መጽሐፍ ለአሥረኛ ጊዜ ካመጣ አይከልክሉት። በመጀመሪያው ንባብ ስም ይጠይቁ፤ በሦስተኛው «ለምን»፤ በአምስተኛው መጽሐፉን ዘግተው «ቀጥሎ ምን ነበር?»፤ ከዚያ በኋላ «ውሻው በር ተዘግቶበት ቢሆን ኖሮስ?» ይበሉት። መጽሐፍ ከሌለ የቤተሰብ ፎቶ ወይም ከአሮጌ መጽሔት የተቆረጠ ስዕል ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ማንበብ የማይችሉ አያትም ሊያደርጉት ይችላሉ።

የቤት ውስጥ ሥራ መጋራት

ጊዜ ለሌለው ወላጅ ይህ ይቀድማል፤ ለብቻው ጊዜ አይጠይቅምና። የታጠቡ ካልሲዎችን ማጣመር፣ ማንኪያና ሹካ መለየት፣ ለሚመገቡት ሰዎች ልክ ሳህን መደርደር፣ ውሃ በኩባያ እየለኩ ጆግ መሙላት ሁሉም መለየት፣ መቁጠርና መገመት አለባቸው። ልዩነቱ የሚመጣው ከሥራው በፊት በሚጠየቅ አንድ ጥያቄ ነው። «ጆጉ በስንት ኩባያ የሚሞላ ይመስልሃል?» ይበሉት፤ ግምቱን ይናገር፤ ከዚያ ይቁጠሩ። 3 ብሎ 7 ከሆነ «ጆጉ ካሰብነው የሚበልጥ ነው» ይበሉና ነገ በሌላ ዕቃ ይድገሙት። ግምቱ በቀናት ውስጥ ሲቀርብ ያያሉ።

ልጁ የሚያድግበትን ሥራ የሚያጣው «ፍጠን» ሲባል ነው። ስለዚህ ቸኩለው በሚወጡበት ጠዋት አይሞክሩት። የተሰበረ ብርጭቆ ቢኖር የሚያሳዝን አይሁን፤ ለመጀመሪያው ወር የማይሰበር ዕቃ ብቻ ይስጡ። ሰሐኑን አጉድሎ ከደረደረ ራስዎ አይጨምሩ፤ ሁሉም ሲቀመጥ አንድ ሰው ሳህን ሲያጣ ልጁ ራሱ ያየዋል።

ዕቃ ዕቃ

ወጪው ምንም ነው፤ የሚወስነውም ልጁ ነው። ብዙ ወላጅ «ዝም ብሎ ጨዋታ» ይለዋል፤ እኛ ግን ራስን ለመግታት ከዚህ የሚሻል ልምምድ አናውቅም። ሐኪም የሆነ ልጅ መርፌውን ይዞ ተራ ይጠብቃል፤ ሕፃን የሆነችው ትልቋ ልጅ መናገር ብትፈልግም አትናገርም። የሶቪየት የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሌቭ ቪጎትስኪ ይህን አስተውሎ ነበር፦ ልጅ በጨዋታ ውስጥ ከዕለት ባህሪው በላይ ራሱን ይገዛል፣ ምክንያቱም የሚናውን ደንብ ይጠብቃል።

የወላጅ ድርሻ ትንሽ ነው። ከመጀመሩ በፊት «አንተ ማን ነህ? መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ መጠየቅ፣ ሚና ከተሰጠዎት መቀበል፣ ከዚያ መከተል። እውነተኛውን የሚመስል ውድ መጫወቻ አያስፈልግም፤ ብሎክ ስልክ ሲሆን ልጁ አንድን ነገር በሌላ መወከልን ይለማመዳል፤ ፊደልና ቁጥርም ከዚያው ወገን ናቸው።

ታብሌትና ቴሌቪዥን

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያወጣው መመሪያ 2 ዓመት ላልሞላቸው ልጆች ተቀምጦ ስክሪን ማየትን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ባነሰ ይሻላል ይላል። ከሰዓቱም በላይ የሚያሳስበን ይዘቱ ነው። በርካታ አፖች ልጁ ሲሳሳት «ደግመህ ሞክር» ይሉና ትክክለኛው እስኪነካ ሁሉንም እንዲነካካ ይፈቅዳሉ። ልጁ 20 ጥያቄ «መለሰ»፣ አንዱንም አላሰበበትም። ትንንሾቹ፣ በተለይ ከ2 ዓመት ተኩል በታች ያሉት፣ ያንኑ ነገር ከስክሪን ይልቅ ፊት ለፊት ካለ ሰው በተሻለ ይማራሉ።

አፕ መምረጥ ግድ ከሆነ 5 ደቂቃ ራስዎ ይጫወቱት። ማስታወቂያ አለው? በዘፈቀደ ቢነካካ ያሳልፋል? ልጁ የራሱን ነገር የሚሠራበት ቦታ አለው? የመጀመሪያዎቹ ሁለት መልሳቸው «አዎ» ከሆነ ይተዉት። ስዕል የሚስሉበት፣ ድምፅ የሚቀዱበት ወይም ፎቶ አንስተው ታሪክ የሚሠሩበት ከጥያቄና መልስ አፖች ይሻላሉ። ከሩቅ ካሉ ዘመዶች ጋር በቪዲዮ መነጋገር ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ያለው ሰው ይመልሳል።

ፍላሽ ካርድና ወርክሺት ፊደል ለማስታወስ ይረዳሉ። ከዚያ ያለፈ አይጠብቁባቸው፤ ከ5 ዓመት በፊት ደግሞ ባይጀመሩ ጉዳት የለውም።

በሁኔታው መምረጥ

በቀን 10 ደቂቃ ብቻ ካለ፦ እየጠየቁ ማንበብ፣ በተረፈ የቤት ውስጥ ሥራው በራሱ ጊዜ ይሄዳል። 20 ደቂቃ ካለ ሌላውን 10 ደቂቃ በፈረቃ ለብሎክና ለቁጥር መንገድ ይስጡ። ልጁ ዕረፍት የለሽ ከሆነና 3 ደቂቃ የማይቀመጥ ከሆነ ከፐዝል አይጀምሩ፤ ዕቃ ዕቃና የቤት ውስጥ ሥራ እየተንቀሳቀሰ የሚሠራቸው ናቸው። በተቃራኒው ስህተት የሚያስለቅሰው፣ «አልችልም» የሚል ልጅ ካለ አንድ መልስ ያላቸውን ሁሉ ለጊዜው አቆይተው በብሎክ ይጀምሩ፤ እዚያ የተሳሳተ ቤት የለም። የ3 እና የ6 ዓመት ልጆች አብረው ካሉ ደግሞ ቁጥር መንገዱ ላይ ትልቁ ሳንቲሙን ጥሎ ሁለት እጥፍ ይራመድ፣ ትንሹ እንደወጣለት፤ ሁለቱም በልካቸው ያስባሉ።

በአንድ ጊዜ ብዙ አይጀምሩ። አንድ ጨዋታ ለ2 ሳምንት ይቆይ፤ ከዚያ ልጁ ራሱ ደንቡን መለወጥ ከጀመረ («አሁን ወደ ኋላ እንሂድ» ካለ) ገብቶታል ማለት ነው፣ ወደሚቀጥለው ይለፉ። በ3ኛው ቀን እምቢ ካለ ብዙውን ጊዜ ከብዶት ወይም ቀሎት ነው፤ ጨዋታውን ከመተው በፊት የቁራጩን፣ የጥንዱን ወይም የጥያቄውን ቁጥር በግማሽ ይቀንሱ ወይም እጥፍ ያድርጉ። የተራበና እንቅልፍ የመጣበት ልጅ ላይ ማንኛውም አይሠራም።

3 ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል አያይዞ የማይናገር፣ ከኋላው ሲጠሩት የማይዞር፣ ወይም ይናገራቸው የነበሩ ቃላት የጠፉበት ልጅ ካለ ግን ጨዋታ መምረጡን አቆይተው መጀመሪያ ወደ ሕፃናት ሐኪም ይውሰዱት፤ የመስማት ምርመራም እንዲደረግለት ይጠይቁ።